በጃንጥላ የሚወርድ ስንቅ አስተሳሰር፦ ከጅማው መጋዘን የተማርኩት

የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ስልጠና ጨርሶ ስንቅና ትጥቅ ክፍል ተመደበ። ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተኝ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ ድሮ ስንቅ በጃንጥላ ትልኩ ነበር አሉ። እንዴት ነው ነገሩ?» አለኝ። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ከአቦል እስከ በረካ አወራሁት። ሲወጣ ግን ግማሹን እዚያው ሲኒው ጋ ትቶት እንደሄደ ከፊቱ ገባኝ። እሱም ሆነ እንደሱ ያለ ሌላ ልጅ መለስ ብሎ እንዲያየው፣ ይኸው ጻፍኩት።

ጅማ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ውትድርና ከመግባቴ በፊት ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ እሰፋ ነበር። 60 ኪሎ ቡና የሞላ የጁት ጆንያ፣ ወስፌና ሲባጎ። ሥራዬ ይኸው ነው። ወታደር ቤት «ምን ሙያ አለህ?» ሲሉኝ «ጆንያ መስፋት» አልኩ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ። ጸሐፊው ግን አልሳቀም፤ አንድ ነገር ጻፈና ስንቅና ትጥቅ ላከኝ። ሁለት ዓመት ቆይቼ ደግሞ መልሰው ጅማ አመጡኝ።

ክረምት ሲገባ ከጅማ ወዲያ ያለው የጫካ መንገድ ይቆረጣል። ጭቃው መኪና አያሳልፍም፣ የሞላ ወንዝ ደግሞ በቅሎ አያሻግርም። ጫካው ውስጥ ሠላሳም አርባም ሰው የያዙ ትንንሽ ምሽጎች ነበሩን። የት የት እንደነበሩ መዘርዘር አያስፈልግም። ስንቃቸው በአውሮፕላን ሄዶ በጃንጥላ ይወርድላቸዋል። እኛ የምናሽገው አንድ ባዶ የቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ዝናብ ሲመታው እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም፤ በእጅ ምልክት ነው የምንግባባው።

አለቃችን አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፣ በሕይወት ካሉ ይቆጡኛል። ቀኑን ሙሉ ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲያዩን ይውላሉ። ብዙ አይናገሩም። ከተናገሩም ያሰርከውን ሁሉ አስፈትተው ነው።

ጃንጥላ ሲባል ብዙ ሰው ዕቃው እንደ ላባ ተንሳፍፎ የሚያርፍ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገሩ ሌላ ነው። 1,000 ኪሎ ገደማ የሚሸከመው ትልቁ የጭነት ጃንጥላ ሲዘረጋ ወርዱ 19 ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ያን ያህል ሰፍቶም፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወርድ በሰከንድ 8 ሜትር ተኩል ገደማ ይጓዛል። ቁጥሩን ሲነግሩን ማናችንም አልገባንም። ሃምሳ አለቃው ግን ወደ ደጅ አወጡንና ቡና እስከ አናቱ የጫነ አይሱዙ አሳዩን። «እዚያ ላይ ውጣና እሽግህን ገፍተህ ጣለው። ጃንጥላ ማለት ይኸው ነው» አሉ። በኋላ እኔም አስልቼ አየሁት። በዚያ ፍጥነት መሬት መምታት ከ3 ሜትር ተኩል ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ከመውደቅ ጋር እኩል ነው። እውነታቸውን ነው።

ወጣሁና ገፋሁ። ያሰርኩት ዘይት፣ ስኳር፣ የታሸገ ሥጋና አንድ ፋኖስ ነበር። ዱብ ሲል ያን ያህል ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ስንፈታው የዘይቱ ክዳን ተስፈንጥሯል፣ ፋኖሱ ዱቄት ሆኗል፣ ስኳሩ ዘይት ጠጥቷል። የሥጋው ቆርቆሮ ብቻ ነበር የተረፈው፤ እሱም ጎኑ ገብቷል። ሃምሳ አለቃው አንድ የፋኖስ ስባሪ አነሱና ኪሴ ውስጥ ከተቱት። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ዓመት ሙሉ ይዤው ዞርኩ።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው። አዲስ ዓይነት ዕቃ ሲመጣልህ አውሮፕላኑን አትጠብቅ። አንዱን እሰርና ከመኪና አናት ጣለው፤ ፈተህ እየው። ከተሰበረ አንተ ጋ ነው የተሰበረው፤ ጫካ ውስጥ ያለ ሰው እጅ ላይ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይ። ስለ ጃንጥላው አስተጣጠፍ ምንም አልጽፍም። እሱ ከአሠልጣኝ እጅ በእጅ የሚወሰድ ሙያ ነው። አንብቤ አወቅኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከመጋዘን አስወጡት። እኔ የማወራው ከጃንጥላው በታች ስለሚንጠለጠለው ነው።

ወደ እሽጉ እንመለስ። ዕቃ የሚሰበረው በአብዛኛው መሬት ስለመታው ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሱ ስለሚጋጭም ነው። ውስጥ ክፍተት ካለ አንዱ ሌላውን ይመታል። ሃምሳ አለቃው ለዚህ ሁለት መፈተሻ ነበራቸው። አንደኛው ጣት ነው። ቀበቶው ተጠብቆ ካለቀ በኋላ ጣታቸውን ከሥሩ ይሰዳሉ። አንድ ጣት በግድ ከገባ ደህና ነው። ሁለት ጣት ከገባ «ፍታ» ይላሉ። ሁለተኛው ጆሮ ነው። አራት ሰው እሽጉን ይይዝና ያወዛውዘዋል፣ እሳቸው ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። ዝናብ ከሆነ ሥራ አቁመን እስኪያባራ እንጠብቃለን እንጂ ሳይሰሙ አያሳልፉም። ትንሽ «ቅጭ» የሚል ነገር ከሰሙ እንደገና ነው። አንድ ሌሊት አንዱን እሽግ አምስት ጊዜ አስፈቱን። የሚንቋቋው አንዲት የወደቀች የክብሪት ሳጥን ነበረች። ያኔ በሆዴ ብዙ ተሳድቤአለሁ።

ከሥር ደግሞ ትራስ ያስፈልገዋል። የማር እንጀራ የመሰለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ወፍራም የወረቀት ንጣፍ አለ። እሽጉ ከሚቀመጥበት ኮምፔንሳቶ በላይ፣ ከጭነቱ ሥር ይደረጋል። ጭነቱ መሬት ሲመታ ንጣፉ ይደቅቅና ጉልበቱን ይወስደዋል። ሥራው መድቀቅ ነው። እኔ ግን ቁጠባ መስሎኝ አንድ ጊዜ በመጠኑ የተጨፈለቀ ንጣፍ መልሼ ተጠቀምኩ። ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሲነኩት ግን ውስጡ ሞቷል። በዚያ ላይ የተጫኑት የመድኃኒት ካርቶኖች ከግማሽ በላይ ተሰባብረው ደረሱ። አንድ ጊዜ የደቀቀ ንጣፍ እሳት ማንደጃ ነው፤ ሌላ ጥቅም የለውም።

ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ አድርጉ። ይህን ማንም ያውቀዋል፤ ግን ሲቸኩል የማይረሳው የለም። እሽጉ አናቱ ከከበደ ከአውሮፕላኑ በር ሲወጣ ይገለበጣል፤ የጃንጥላው ገመድ ይጠመጠምበታል። ከዚያ በኋላ ጃንጥላ አለ ማለት አይቻልም።

የመሙያ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ጅማ ላይ በነፃ የሚገኝ አንድ ነገር ቢኖር የቡና ገለባ ነው። እኔም ብልህ ሆኜ በየክፍተቱ ገለባ ሞላሁ። ሦስት ቀን ዝናብ ሆነና በረራው ዘገየ። እሽጎቹ ሲደርሱ ገለባው እርጥበት ስቦ ሻግቷል፤ ሽታው ብስኩቱ ውስጥ ገብቷል። ከምሽጉ በሬዲዮ የመጣልን መልእክት እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ሃምሳ አለቃው አልተቆጡም። «ለምን ገለባ ትልካለህ? ካልሲ የላቸውም እኮ» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ በካልሲ ውስጥ ይገባል፤ ካልሲው በብርድ ልብስ ይጠቀለላል፤ ብርድ ልብሱ ባዶ ድስት ውስጥ ይጠቀጠቃል። ድስቱም ለነሱ ነው። ፋኖስ በዱቄት መሃል ይቀበራል፤ ዱቄቱ ግን አስቀድሞ በሁለት ላስቲክ ይታሰራል። በዚህ አስተሳሰር መሙያ ተብሎ የሚጣል ነገር የለም። አውሮፕላኑ በኪሎ ነው የሚያስበው፤ ገለባም ካልሲም እኩል ይመዘናሉ።

ነዳጅ ላይ ግን ቀልድ የለም። ናፍጣም ሆነ ነጭ ጋዝ ከሚበላ ነገር ጋር አንድ እሽግ ውስጥ አይገባም። ጠብቋል፣ አይፈስም፣ ላስቲክ ተደርጎበታል የሚል ክርክር አትስሙ። እኔ ሰምቼ አንድ ምሽግ ሙሉ ሦስት ሳምንት ጋዝ ጋዝ የሚል ቂጣ በልቷል። ፈንጂና ማቀጣጠያውም እንደዚሁ፤ ለየብቻ ይታሰራሉ፣ አውሮፕላኑ ውስጥም ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። ውኃ በጀሪካን ከሆነ እስከ አፉ አይሞላ። ከላይ የተረፈው አየር ነው ጀሪካኑን ሲመታ ከመፈንዳት የሚያድነው።

እስካሁን ያልኩት በጃንጥላ ለሚወርድ ነው። ያለ ጃንጥላ የሚጣል እህል ሕጉ ግልብጥ ነው። በ77ቱ ድርቅ የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች በደጋው ላይ እህል የጣሉት ያለ ጃንጥላ ነበር። ከመሬት 15 ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ አቧራ እያስነሱ እየበረሩ። ለዚያ አጣጣል ጆንያው ተደራርቦ ነው የሚዘጋጀው።

ይህን በእጄ የሠራሁት ግን ከጦሩ ከወጣሁ በኋላ ነው። ከጅማ አየር ማረፊያ ተነስቶ ደቡብ ሱዳን ላይ እህል ይጣል በነበረ ጊዜ ለጥቂት ወራት ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ሠርቻለሁ። 50 ኪሎ እህል በአንድ ማዳበሪያ ይሞላል፤ እሱ በሁለተኛ፣ ሁለተኛው በሦስተኛ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያ ቀን ያየሁትን ማዳበሪያ ሁሉ እንደ ጃንጥላ ጭነት ወጥሬ ልሰፋ ስል ተቆጣጣሪው እጄን ያዘኝ። ትክክል ነበር። የተወጠረ ጆንያ መሬት ሲመታ እንደ ፊኛ ይፈነዳል። ላላ ያለው ግን እህሉ ውስጡ ይላወስና ጉልበቱን ይጨርሰዋል። የውስጡ ቢቀደድ ውጭኛው ይይዘዋል። ኢሊዩሺን የሚባለው የጭነት አውሮፕላን 30 ቶን ገደማ ይዞ ይሄድና ከኋላ በሩ ያፈሰዋል። በኋላ የወደቀበትን ሜዳ ፎቶ አሳዩን፤ ጆንያዎቹ እንደ በግ መንጋ ተበትነው ተኝተዋል። የተቀደደው በጣም ጥቂት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሲባጎ ሲበጣኝ የኖረውን ጣቴን አየሁት።

ባጭሩ፣ በጃንጥላ የሚሄድ ይጠበቅ፤ ያለ ጃንጥላ የሚጣል ይላላ። ይህን የሚያቀላቅል ሰው ሁለቱንም ያበላሻል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ልምጣ። ለማሰር ይመቸኛል ብዬ አንድ ዓይነቱን ከአንድ ዓይነቱ ጋር ነበር የማደርገው። ስኳር ከስኳር፣ ጨው ከጨው፣ የሬዲዮ ባትሪ በሙሉ አንድ ላይ። መጋዘን ውስጥ ሲያዩት ያምራል። ሰባት እሽግ ሰደድን። ስድስቱ ሜዳው ላይ ወረዱ። ሰባተኛው ከሜዳው ዳር ያለ ትልቅ ዛፍ ላይ ቀረ። ዛፉ ላይ የቀረው የባትሪው ነበር።

ሬዲዮ ነበራቸው፤ ባትሪ አልነበራቸውም። ስኳር፣ ዱቄት፣ ሥጋ ሁሉ አላቸው፤ ግን እኛ ጋ «ደረሰን» ማለት አይችሉም። እኛም ምን እንደሆኑ አናውቅም። ዘጠኝ ቀን። በአሥረኛው ቀን አንድ ልጅ ዛፉ ላይ በገመድ ወጥቶ እሽጉን ቆርጦ ጣለው። ድምፃቸውን ስንሰማ ሃምሳ አለቃው ከበርጩማቸው ተነሱና ወደ ውጭ ወጡ። ዝናቡ ውስጥ ቆመው ቆዩ። ሲመለሱ አንድ ቃል ብቻ ነው ያሉኝ፦ «በትነው።»

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ እሽግ ትንሽ ምሽግ ሆነ። በእያንዳንዱ ውስጥ ጥቂት ባትሪ፣ ጥቂት ጨው፣ ክብሪት፣ ትንሽ መድኃኒት፣ የጥቂት ቀን ምግብና ጥይት ይገባል፤ ነዳጁና ፈንጂው ብቻ ለየብቻ ናቸው። ለማሰር አስቸጋሪ ነው፤ ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። መዝገብ ያዡ ሁሌም ይነጫነጫል። ግን የትኛውም እሽግ ቢጠፋ የቀረው ሰው ያኖራል። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ መስመር ብቻ ይያዝ ብትሉኝ ይህን ነው የምለው።

እሽግ ደግሞ መጥፋቱ አይቀርም። ሒሳቡን እዩት። ከ200 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ እሽግ ቀደም ባልኩት ፍጥነት መሬት ለመድረስ 23 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ነፋሱ በሰከንድ 5 ሜትር ቢሆን፣ ያ ማለት ቅጠል የሚያወዛውዝ መጠነኛ ነፋስ ነው፣ እሽጉን ከ110 ሜትር በላይ ወደ ጎን ይወስደዋል። ጫካ ውስጥ የተመነጠረ ሜዳ ከኳስ ሜዳ ብዙም አይበልጥም። አብራሪው ጎበዝ ቢሆንም ነፋስን አያዝዘውም። ዝቅ ብሎ እንዳይጥል ጃንጥላው ለመከፈት ከፍታ ይፈልጋል።

ይህ የኛ ብቻ ችግር አልነበረም። እንግሊዞች ማላያ ጫካ ውስጥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1948 እስከ 1960 ሲዋጉ ወታደሮቻቸው የሚኖሩት ከአየር በሚወርድ ስንቅ ነበር። እዚያ ያለው ዛፍ 60 ሜትር የሚደርስ አለ። ጃንጥላው አናቱ ላይ ከተሰቀለ ስንቁን ለማውረድ ሌላ ዘመቻ ነው። ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ደግሞ፣ በፈረንጅ 1954፣ የፈረንሳዮቹ ይዞታ እየጠበበ ሲሄድ ከሰማይ የሚጣለው ስንቅ ከፊሉ ለጠላት ይደርስ ጀመር። ሃምሳ አለቃው ይህን ሲያወሩ «ስታስር የት እንደሚወድቅ እንደማታውቅ ሆነህ እሰር» ይሉ ነበር።

ከሁሉም የምወደው ታሪክ ግን የበርማው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንጅ 1944 ገደማ፣ በርማ ጫካ ውስጥ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጃንጥላ አጠረው። ሕንድ ካልካታ አካባቢ ግን የጁት ፋብሪካ ሞልቷል። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ስሊም ከጁት ጃንጥላ አሠሩ። የኛ ቡና የሚታሸግበት ያው ጁት! ዋጋው ከመደበኛው ሃያ እጥፍ ገደማ ይረክስ ነበር። ለሰው አይሆንም፤ ለስንቅ ግን ይበቃል። ይህን ስሰማ በወጣትነቴ የሰፋሁት ጆንያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ክብር አገኘ። እስከ ዛሬ መርካቶ ስወርድ የተከመረ የጁት ጆንያ ካየሁ እጄን አሳልፌበት ነው የማልፈው።

አሁን ጃንጥላውን ከጠቀስኩ አይቀር፣ ጅማ ላይ ያለው ትልቁ ጠላት እርጥበት ነው። ጃንጥላ ከሜዳ ሲመለስ ጭቃና ቅጠል ይዞ ነው። እንደረጠበ ከተከመረ ይሻግታል፣ ከሻገተ አይታመንም። እኛ ከመጋዘኑ ጣሪያ ወጋግራ ላይ እናንጠለጥለው ነበር። በክረምት ለመድረቅ ሦስትም አራትም ቀን ይፈጃል። ማታ ማታ ጥበቃ ስንሆን ከላያችን እንደ ትልልቅ የተኙ ወፎች ተንጠልጥለው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ቡና ቡና ይሸታሉ። አይጥም አለ። አይጥ የጃንጥላ ገመድ ትወዳለች። ሁለት ድመት በደመወዝ መዝገብ ላይ ካለመመዝገባቸው በቀር ከኛ እኩል ሠርተዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ብዙ ሰው የሚንቀው፤ ወረቀቱ። በየእሽጉ ውስጥ የዕቃ ዝርዝር ይግባ። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ቅጂ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከውስጥ። ከውጭ ደግሞ በትልቁ «ከ7ቱ 3ኛው» ተብሎ ይጻፍ። ያኔ የሚቀበለው ሰው ስንት እንደጎደለው ያውቃል፤ የሌለ እሽግ ሲፈልግ ጫካ ውስጥ አይመሽበትም። ጽሑፉ በከሰል ወይም በማይለቅ ቀለም ይሁን። እስክሪብቶ ዝናብ ይበላዋል።

ይህንንም ስታደርጉ የሚከፍተውን ሰው አስቡት። ማታ ነው። ዝናብ ነው። መብራት ማብራት አይችልም፤ እጁ ደንዝዟል። እናንተ የቋጠራችሁትን ቋጠሮ በጥርሱ ሊፈታ ነው። ስለዚህ መቁረጫው ቦታ በቀይ ጨርቅ ይታወቅ። ቀበቶው ሲቆረጥ ሁሉም ነገር ጭቃ ላይ የሚዘረገፍ ከሆነ አስተሳሰራችሁ ጥሩ አይደለም። ከላይ መጀመሪያ የሚያገኘው ሸራ ይሁን፤ ያነጥፈዋል። ከዚያ ክብሪት። ከዚያ ሌላው። መድኃኒቱ በየትኛው በኩል እንዳለ ሳያይ በእጁ ዳብሶ እንዲያገኘው ጥጉን በሲባጎ ሦስት ቋጠሮ እናስርበት ነበር። ሦስት ቋጠሮ ማለት መድኃኒት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል።

በዚያ ክረምት መጨረሻ መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው መኪና ከምሽጉ ተመለሰ። ባዶ ጀሪካንና የተቀዳደደ ሸራ ጭኗል። ሾፌሩ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። እኔ የጻፍኩት የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ጀርባው ላይ በከሰል ተጽፎበታል።

«ስኳሩ ደህና ነው። ካልሲው ተከፋፍሏል። አንዱን ጃንጥላ አንመልስም፣ ጣሪያ አድርገነዋል። ያፈሳል። ወስፌና ሲባጎ ላኩ።»

ለሃምሳ አለቃው አነበብኩላቸው። ጃንጥላ ማስቀረት ክልክል ነው፤ በደመወዝ ያስቀጣል። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በርጩማቸው ሥር ካለው ሳጥን የራሳቸውን ወስፌ አወጡና ሰጡኝ።